ቀይና አረንጓዴ ጨሌ ከሩቅ ሲታይ ለምን ቡናማ ይሆናል? (የአምባር ቀለም አመራረጥ)

ክርና መርፌ
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ አምባር ላይ ምክር ፈልጌ ነው። ጨሌው 11/0 ዴሊካ ነው (ቱቦ መሰል እኩል የተቆረጠ ጨሌ፣ 11/0 የመጠኑ ቁጥር ነው)፣ አሠራሩ ፔዮቴ (ጨሌዎቹ እንደ ጡብ ግንብ እየተፈራረቁ የሚሰፉበት)። ስፋቱ 24 ጨሌ፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መሃሉ አንዱ ረድፍ ቀይ፣ ቀጣዩ አረንጓዴ እየሆነ ይሄዳል፤ በሁለቱም ጠርዝ ቢጫ አለ። እጅ ላይ ተይዞ ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ሁለት ሜትር ራቅ ሲባል ግን ቀዩና አረንጓዴው ተዋውጠው ቡናማ ይሆናሉ፣ የሚታየው ጠርዙ ብቻ ነው። ሦስቱም ድፍን ናቸው፣ ብርሃን አያሳልፉም። ከሐበሻ ቀሚስ ጋር የሚደረግ ስለሆነ ከሩቅም ማማር አለበት። ቀለሙን ልቀይር ወይስ ንድፉን?

ባለ ጨሌ
ሁለቱንም፣ ግን በጥቂቱ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀለም መቀያየር ጨሌ ማባከን ነው።

አንዱን ረድፍ ቀይ ቀጣዩን አረንጓዴ ስታደርጊ በፔዮቴ የሚወጣው ዳማ አይደለም። በአምባሩ ርዝመት የሚሄድ ቀጭን ሰንበር ነው፤ የአንዱ ሰንበር ስፋት የአንድ ዴሊካ ርዝመት ያህል፣ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዐይን የነጣውን ከጠቆረው ከሩቅም ይለያል። የቀለም ልዩነትን ግን ነገሩ ሲደቅቅ ቶሎ ያጣዋል፤ ቀይና አረንጓዴ እኩል የጠቆሩ ከሆኑማ የሚለይበት ሌላ ምልክት ስለማይኖረው ደባልቆ ያያቸዋል። ድብልቃቸው ደግሞ ያ ያየሽው ቡናማ ነው። ቢጫው የተረፈው ከሁለቱም እጅግ ስለሚነጣ ነው።

ለማረጋገጥ ሁለቱን ጨሌ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አፍስሽና በስልክ ፎቶ አንሺ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ሁለቱ ክምሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ በደቃቅ ንድፍ ውስጥ አይለያዩም፤ ከመካከላቸው ድንበሩ ወለል ብሎ መታየት አለበት። ቀዩን ይዘሽ አረንጓዴውን የጥድ ቅጠል ያህል ወደጠቆረው ውሰጂው፣ ወይም አረንጓዴውን ይዘሽ ቀዩን ወደ ብርቱካን ገፋ አድርጊው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንኪ።

ንድፉን በተመለከተ፣ አንድ ቀለም ቢያንስ አራት ጨሌ ያህል ስፋት ይኑረው። ያ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ከሁለት ሜትርም በደንብ ይለያል።

መስኮት ዳር
ባለ ጨሌ ያሉት ትክክል ነው፤ የፎቶው ነገር ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሚያብረቀርቅ ጨሌ አናቱ ላይ ነጭ የብርሃን ነጥብ ይይዛል፣ ስልኩ ያንን ነጥብ ሲያነብ ጨሌው ከእውነቱ በላይ የነጣ ይመስላል። ፎቶውን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት ዳር፣ አምፖል አጥፍተሽ አንሺው። ሁሉንም ክምሮች በአንድ ፎቶ ውስጥ አድርጊያቸው፤ ለየብቻ ከተነሱ ስልኩ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ስለሚያስተካክል ማወዳደር አይቻልም። ስልክ ከሌለ ዐይንን ጨፈን አድርጎ በሽፋሽፍት መሃል ማየት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀለሙንም በሱቅ አምፖል ሥር አትወስኚ። በነጭ አምፖል አንድ የመሰሉ ሁለት አረንጓዴዎች ውጭ ሲወጡ አንዱ ወደ ሰማያዊ አንዱ ወደ ቢጫ ሊሄዱ ይችላሉ። ሻጩን አስፈቅዶ ደጅ ወጣ ብሎ ማየት ነውር የለውም።

ሰንበር
የቢጫውን ልክም አስቢበት። ዮሐንስ ኢተን የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የቀለም መምህር (ከ1919 እስከ 1923 በጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር) የጀርመናዊውን ደራሲ የጎተን ሐሳብ ተከትሎ የደማቅ ቀለሞችን የስፋት ሚዛን በቁጥር አስቀምጧል፦ ቢጫ 3፣ ብርቱካናማ 4፣ ቀይ 6፣ አረንጓዴ 6፣ ሰማያዊ 8፣ ወይን ጠጅ 9። ቢጫ በጣም ስለሚያበራ ቦታው የቀዩ ግማሽ ቢሆን ይበቃዋል ማለት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እኩል እኩል ሲደረጉ ቢጫው ሰፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሲቆጥረው እኩል መሆኑን አይቶ ይገረማል።

በ24 ጨሌ ስፋት እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ከዳር ጀምሮ 5 አረንጓዴ፣ 2 ቢጫ፣ 10 ቀይ፣ 2 ቢጫ፣ 5 አረንጓዴ። ድምሩ 10፣ 4፣ 10 ነው፣ ለሚዛኑ በጣም የቀረበ። ቀይና አረንጓዴም አይነካኩም።

ባለ ጨሌ
ሰንበር፣ ቁጥሩን አልቃወምም። ግን የኢተን ሚዛን የተሠራው ቀለሞቹ ሙሉ ድምቀታቸውን ይዘው ሲገኙ ነው። አረንጓዴው የጥድ ቅጠል ከሆነ፣ ወይም ቢጫው የማር ቀለም ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል። ከዚያም በላይ፣ ሚዛን የጠበቀ ነገር ሁሉ ለዐይን ደስ አይልም። አንዱ ቀለም ቤቱን ይያዝ፣ ሌላው ይከተለው፣ ሦስተኛው እዚህም እዚያም ብልጭ ይበል። 60፣ 30፣ 10 በመቶ የሚባለው አከፋፈል ለአምባር ይሻላል ባይ ነኝ፤ እንደ ሥራው ግን 70፣ 25፣ 5ም ያምራል። እኔ ብሆን ቀዩን አበዛለሁ፣ ቢጫውን ከአንድ ጨሌ መስመር አላሳልፈውም።

ሰንበር
ባንዲራ እንዲመስል ካልተፈለገ የእርስዎ ይሻላል፣ እትዬ። ሦስቱ ቀለሞች እንዲታወቁ ከተፈለገ ግን አንድ ጨሌ ቢጫ ያንሳል፤ ከሩቅ የቀዩ ጠርዝ ይመስላል እንጂ ራሱን የቻለ ቀለም አይሆንም። ሁለት ይሁን።

መስኮት ዳር
በሁለቱ መሃል ቢጫ ከማስገባት ሌላ ጥቁር መስመርም አለ። ደማቅ ቀለም በጥቁር ሲከበብ ይበልጥ የሚያበራ ይመስላል፤ በነጭ ሲከበብ ጠቆር ይላል። በድሮ ሥዕሎቻችን ላይ ያለው ጥቁር የዳር መስመር ቀለሞቹን ምን ያህል እንደሚያጎላ ልብ ያለ ሰው ይህን ያውቃል። በርዝመቱ የሚሄድ አንድ ዓምድ ጥቁር (ዲቢ 10፤ ዲቢ የዴሊካ የቀለም ቁጥር ነው) በቀይና በአረንጓዴ መሃል ሲገባ ቡናማው ይጠፋል፣ ቢጫም አያስፈልግም። አምባሩ በነጭ ቀሚስ ላይ ስለሚያርፍ ጠርዙ ጠቆር ቢል ቅርጹ ይወጣል፤ የቢጫ ጠርዝ ግን ነጭ ላይ ሟሙቶ የአምባሩ ዳር የተበላ ያስመስላል። ስለዚህ ክርና መርፌ፣ ቢጫውን ከጠርዝ ወደ ውስጥ አምጪው።

ሸማኔ ሰፈር
ሐበሻ ቀሚስ ስለተባለ ልግባ። ሰው ሁሉ የሚስተው ነጩን ነው። የእጅ ፈትል ነጭ ሲባል ወደ ክሬም ያደላል። ወረቀት የመሰለ ነጭ ጨሌ ከጎኑ ሲሆን ቀሚሱ ያደፈ፣ ያልታጠበ ይመስላል። ለፈትል ቀሚስ የዝሆን ጥርስ ወይም የቅቤ ቀለም ያለው ጨሌ ነው የሚሆነው። የፋብሪካ ክር ቀሚስ ከሆነ ግን ሰማያዊ የሚነካው ንጹሕ ነጭ ይሻላል፣ እዚያ ላይ ክሬሙ ያረጀ ይመስላል። የሚለየው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ጨሌውን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ በቀን ብርሃን ማየት።

ጥለቱን ሙሉ በሙሉ መቅዳትም አይመከርም። ጥለቱ አምስት ቀለም ካለው አምስቱንም አምባር ላይ መደርደር ሁለቱን ያጣላል። ከጥለቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ቦታ የያዘውን ቀለም ፈልጉና እሱን በጌጡ ላይ አብዙት። ጥለቱ በአብዛኛው ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ላይ ጠብታ ብርቱካናማ ካለው፣ ጌጡ ብርቱካናማ ሆኖ ሰማያዊው ጠብታ ይሁን። ክሩን በስልክ ፎቶ አታመሳስሉ፤ ከሸማኔው ወይም ከሰፊው የስንዝር ያህል ቁራጭ ለምኑ፣ እሱን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ሐርና ሐር መሳይ ክር እንደ አያያዙ ይነጣል ይጠቁራል፣ ስለዚህ ቁራጩን ወደ ብርሃንም ከብርሃንም እያዞራችሁ እዩት።

ጥለቱ ወርቃማ ክር ካለው መቆለፊያው ወርቃማ፣ ብርማ ከሆነ ብርማ። የብር መስቀል የሚንጠለጠል ከሆነም ከወርቃማ ጨሌ ጋር አታቀላቅሉ፤ ብሩ የቆሸሸ ይመስላል። የጠቆረ ብር ከጥልቅ ሰማያዊ፣ ከቡናማ፣ ከክሬምና ከአምበር ቀለም ጋር ይስማማል።

ክርና መርፌ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታይ ሁለቱ ክምሮች በትክክል አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ የሰንበርን አደራደር እይዛለሁ፣ አረንጓዴውንም አጠቁረዋለሁ። ያገኘሁት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግን ድፍን አይደለም፣ ብርሃን አሳላፊ ነው። ቱቦው ውስጥ ሲታይ የጥድ ቅጠል ነው። ይሆናል?

ባለ ጨሌ
ቱቦ ያታልላል። በቱቦ ውስጥ ብርሃኑ በአስር ጨሌ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ዐይንሽ የሚመጣው፤ ስትሰፊው አንድ ንብብር ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃን አሳላፊ ጨሌ ከቱቦ ሲወጣ ሁልጊዜ ይነጣል። ሌላው ነገር፣ ብርሃን አሳላፊ ጨሌ የራሱን ቀለም ብቻ አያሳይም፣ ከሥሩ ያለውንም ያሳያል። በጠይም ቆዳ ላይ ይጠቁራል፣ በነጭ እጅጌ ላይ ይነጣል። አንድ አምባር በሁለት ቦታ ሁለት ቀለም ይሆናል ማለት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ላይ ሰክተሽ አንዴ ክንድሽ ላይ አንዴ ጨርቁ ላይ አስቀምጪው። በሁለቱም ከወደድሽው ሥሪበት።

የአምባሩ ንድፍ ቀጭን መስመር ካለው ምክሬ ድፍን ነው። አሳላፊውን ለጉትቻ ተይው፣ ብርሃን ከኋላው ሲያልፍ ያኔ ነው የሚያምረው።

መስኮት ዳር
የድሮዎቹ ቀይ ጨሌዎች ላይ ይህ ነገር በደንብ ይታያል። ቀዳዳቸውን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ውስጡ ነጭ ነው፤ ቀዩ ላዩን የተለበጠ ቀጭን ብርሃን አሳላፊ መስታወት ነው። ቬኒስ ተሠርተው በንግድ ወደ አፍሪካ የገቡ ናቸው፣ አገራችንም ብዙ ገብተዋል። ነጩ እምብርት ብርሃኑን መልሶ ስለሚያወጣው ቀዩ ቆዳ ላይም ቢያርፍ አይጠቁርም። የዛሬዎቹ ውስጣቸው ቀለም የተቀባ ጨሌዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ግን ልዩነት አለ፤ የዛሬው የውስጥ ቀለም ብዙ ጊዜ ቀለም እንጂ መስታወት ስላልሆነ ሊለቅ ይችላል።

ክርና መርፌ
የትኛው እንደሚለቅ ሳይሠራ በፊት ይታወቃል?

ሰንበር
ይታወቃል። በመለያው ላይ «ዳይድ» (ማቅለሚያ የተነከረ) ወይም «ጋልቫናይዝድ» (ብረት የተለበጠ) የሚል ካለ ጠርጥሪ። ሮዝና ወይን ጠጅ በተለይ። የእውነት ሮዝ መስታወት ቀለሙን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከወርቅ ስለሆነ ርካሽ አይሆንም፤ ርካሽ ደማቅ ሮዝ ካየሽ ቀለሙ ላዩ ላይ ወይም ቀዳዳው ውስጥ የተቀባ ነው ብለሽ ገምቺ። በኮባልት የመጣ ጥልቅ ሰማያዊ ግን መስታወቱ ራሱ ነው፣ የትም አይሄድም።

ፈተናው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም አሥር አሥር ጨሌ ያለባቸው አራት ክምሮች አድርጊ። አንዱን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን ያለበት መሆን አለበት) ውስጥ፣ አንዱን በረኪና ውስጥ አሳድሪ። ሁለቱን ፈሳሾች አትደባልቂ፣ ለየብቻ ብርጭቆ፣ መስኮት ከፍተሽ። ሦስተኛውን ግማሹን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍነሽ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ተይው። አራተኛውን ለማወዳደሪያ አስቀምጪ። አሴቶን የተቀባውን ያነሳል፣ በረኪና የብረት ለበጣውን ይበላል፣ ፀሐይ ማቅለሚያውን ያነጣል። በመጨረሻም በእርጥብ ነጭ ጥጥ አሽው፤ ጥጡ ከቀላ ያንን ጨሌ ከነጭ ቀሚስ አጠገብ አታድርሺው።

ውስጡ ብር የተቀባ ጨሌም ከጊዜ ጋር ሊጠቁር ይችላል። በረኪናው ውስጥ ብልጭታው ከሞተ ላብና ሽቶ የሚነካው ቦታ ላይ አታግቢው።

ሸማኔ ሰፈር
ወርቃማ ጨሌ ላይ ደግሞ ተራውን የብረት ለበጣ ለአምባር አትጠቀሙ። አምባር ከቆዳ፣ ከእጅጌና ከጠረጴዛ ጋር ቀኑን ሙሉ ይፋተጋል፤ ለበጣው ተነስቶ ከሥሩ ያለው ግራጫ ወይም ነጭ ሲወጣ ንድፉ ይበላሻል። ሙቀት አገር ያለች ደንበኛ ከሆነች፣ ዱባይ ወይም ጂዳ እንበል፣ ላቡ ያፋጥነዋል። ሚዩኪና ቶሆ ከተባሉት የጃፓን ጨሌ አምራቾች፣ የሚዩኪ ዱራኮት (ወርቃማው ዲቢ 1832) እና የቶሆ ፐርማፊኒሽ የተባሉት ሽፋናቸው ይበልጥ ይቆያል። ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ግን ወርቁ በአምባሩ ውስጥ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ኪስ አይጎዳም።

መስኮት ዳር
ስለ ብልጭታ ገና አልተነሳም። ሁሉም ጨሌ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ንድፉ ይጠፋል፤ በተለይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሽፋን ያለው፣ ኤቢ የሚባለው። ኤቢ ጨሌ አንዴ ሮዝ አንዴ ሰማያዊ ስለሚመስል በአጠገቡ ያለውን ቀጭን መስመር ይውጠዋል። ቀጭን ንድፍ ያለበት ቦታ ማት (የማያብረቀርቅ) ወይም ተራ ድፍን ይሁን፣ ብልጭታው ለአንድ ቀለም ብቻ ይሰጥ። ይህ ዘዴ ቀለም ሳይቀየርም ያገለግላል፤ እኩል የጠቆሩ ሁለት ቀለሞችን አንዱን ማት አንዱን አብረቅራቂ በማድረግ ማለያየት ይቻላል። ማቱ ከራሱ አብረቅራቂ አቻ ነጣና ፈዘዝ ብሎ እንደሚታይ ግን አትርሱ።

ዝግጅቱ የማታ ከሆነ፣ መልስ ወይም እራት፣ ጌጡን በቢጫ አምፖል ሥርም እዩት። ሰማያዊና ወይን ጠጅ እዚያ ይጠቁራሉ፣ ቀይና ብርቱካናማ ይደምቃሉ። ቀን ላይ ጥቁር ሰማያዊ የነበረ ማታ ጥቁር ነው።

ክርና መርፌ
የክሩስ ቀለም? እስካሁን ጥቁር ናይሎን ነው የምጠቀመው።

ባለ ጨሌ
ለቀይና ለጥድ አረንጓዴ ጥቁር ይሆናል። ለቢጫው ግን አይሆንም። ድፍን ቢጫ ቢሆንም እንኳ ክሩ በጨሌዎቹ መሃልና በጠርዙ ላይ ይታያል፣ ከሩቅ ቢጫውን ያቆሽሸዋል። አሳላፊ ቢጫ ከሆነማ ጥቁር ክር ውስጡ ሲያልፍ የወይራ ቅጠል ያደርገዋል። በፔዮቴ አንዱ ክር በሁሉም ቀለም ውስጥ ስለሚያልፍ ለየቀለሙ መቀየር አትችይም፤ አማካዩን ያዢ። በዚህ አምባር ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ክር ሁሉንም ያስማማል። ፋየርላይን የሚባለውን ግራጫ ክር የምትጠቀሚ ከሆነ ከመስፋትሽ በፊት በጨርቅ ሁለት ሦስቴ ጥረጊው፣ ጥላሸት መሰል ነገር ስለሚለቅ ነጣ ያሉትን ጨሌዎች ያጠቁራቸዋል።

ሰንበር
መጠኑን ላስላልሽ፣ ግማሽ ላይ ጨሌ ማለቅ ከቀለም ስህተት አይተናነስም። የዴሊካ ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት በአንድ ዓምድ 100 ጨሌ ይወስዳል። 24 ዓምድ ስለሆነ በድምሩ 2,400። አረንጓዴ 1,000፣ ቀይ 1,000፣ ቢጫ 400። ዴሊካ በግራም 200 ገደማ ስለሚሆን 5 ግራም፣ 5 ግራምና 2 ግራም። የተሰበረውን፣ ቀዳዳው የተዘጋውንና የጠፋውን 15 በመቶ ጨምሪበትና 6፣ 6 እና 2 ግራም ተኩል ግዢ። ክቡ 11/0 ጨሌ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ እሱ ወፈር ስለሚል በግራም 110 አካባቢ ነው፣ ስፋቱም ይጨምራል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዢው። የቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተመረተ ጨሌ ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ መስመሩ መሃል ላይ ሲቀየር ደግሞ በግልጽ ይታያል። ከሁለት ከረጢት መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ አደባልቂያቸው፤ ልዩነቱ ይበተንና አይታወቅም።

ክርና መርፌ
እሺ፣ ይኸውና። ድፍን ቀይ (ዲቢ 723) 6 ግራም፣ ድፍን ቢጫ (ዲቢ 721) 2 ግራም ተኩል፣ ድፍን ጥድ አረንጓዴ 6 ግራም፣ ጠቆር ያለ ቀይ ክር። አደራደሩ 5፣ 2፣ 10፣ 2፣ 5። መቆለፊያው ወርቃማ። የሚቀር ነገር አለ?

ሸማኔ ሰፈር
10 ዓምድ ቀይ ባዶውን አይሰለችም ወይ? መሃሉ ላይ በየ10 ረድፉ አንድ ወርቃማ ጨሌ ጣል ቢደረግበት ከመቆለፊያው ጋር ይያያዛል፤ ካልሆነ መቆለፊያው ከሌላ ጌጥ የመጣ ይመስላል። በፔዮቴ አንድ ረድፍ የሚሞላው የዓምዶቹን ግማሽ ብቻ ስለሆነ 16 ሴንቲ ሜትር 200 ረድፍ ነው፤ 20 ጨሌ ገደማ ይበቃል።

ባለ ጨሌ
ሸማኔ ሰፈር ያለው ጥሩ ነው። ወርቃማዎቹ በአንድ መስመር አይሰለፉ፣ ግራና ቀኝ ይበሉ፤ ከተሰለፉ ሌላ ሰንበር ይሆናሉ። መጀመሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፊ፣ 600 ጨሌ ነው። ቀሚሱ እጅጌ ላይ ስፒል አድርጊው፣ ሦስት ሜትር ራቂ፣ በቀን አንዴ በማታ አምፖል አንዴ እዪው። አረንጓዴው ጥቁር ከመሰለ አንድ ደረጃ አንጪው፤ ቀዩንና ቢጫውን አትንኪ።

ክርና መርፌ
እሺ እትዬ። ቁራጩን ስጨርስ በሁለቱም ብርሃን ፎቶ አንስቼ እዚሁ አስቀምጣለሁ፣ ጥቁርና ነጩንም ጨምሬ።